የእህል ማከማቻ ቆጥ የወለል ማቴሪያል አመራረጥ፦ ለደምበጫና አካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

በደምበጫና በአካባቢው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ እህልን በሰርቪስ ቤት ወይም በማድ ቤት ቆጥ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ቆጥ እህልን ከመሬት እርጥበት ያርቃል፤ የቤቱንም ቦታ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ወለሉ በአግባቡ ካልተመረጠ ዓመት የተለፋበት ምርት በሻጋታ፣ በነቀዝና በአይጥ ሊበላሽ ይችላል፤ ሲከፋም ወለሉ ተደርምሶ ከሥሩ ባሉ ሰዎችና እንስሳት ላይ ጉዳት ያደርሳል። በመሆኑም ማቴሪያል ከመግዛት አስቀድሞ የሚቀመጠው ምርት ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚመዝንና በምን ዓይነት መያዣ እንደሚቀመጥ መለየት ያስፈልጋል።

1. የሚቀመጠውን ምርት መለየት

በቆሎ ከነቆረቆንዳው ሲቀመጥ መድረቁን ስለሚቀጥል ከሥሩ አየር የሚያስተላልፍ ርብራብ ወለል ያስፈልገዋል። የተወቃ ጤፍና ስንዴ እንዲሁም የተፈለፈለ በቆሎ በጆንያ የሚቀመጡ ከሆነ ግን እህሉ እንዳይንጠባጠብና አይጥ ከሥር እንዳይገባ ወለሉ ክፍተት የሌለው መሆን አለበት። አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች ደግሞ ለወለሉ ልስላሴ ቅድሚያ ሊሰጡ ይገባል። ነቀዙ አየር አጥቶ የሚሞተው ከረጢቱ ሳይበሳ ሲቆይ ብቻ ስለሆነ፣ ወጣ ያለ ሚስማር ወይም ስንጥር የከረጢቱን ጥቅም ያሳጣል። የድንች ዘር ብርሃንና አየር ስለሚፈልግ በጨለማ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ አይመከርም።

2. ክብደቱን አስቀድሞ ማስላት

100 ኪሎ ግራም እህል የያዘ ጆንያ ተኝቶ ሲቀመጥ በግምት ግማሽ ካሬ ሜትር ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ የተደረደረ እህል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 200 ኪሎ ግራም ያህል ያሳርፋል፤ ሁለት ድርብ ሲሆን 400፣ ሦስት ድርብ ሲሆን 600 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ወለሉ በጭቃ የሚመረግ ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭቃ ብቻውን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 90 ኪሎ ግራም ይጨምራል።

የአግዳሚ እንጨቶቹ ርዝመት ከ3 ሜትር ካልበለጠ፣ ቀጭን ጫፋቸው 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጤናማ የባሕር ዛፍ ግንዶችን በየ40 ሳንቲ ሜትሩ መደርደር ለአንድ ረድፍ ጆንያ ተስማሚ ነው። ከዚያ በላይ ለመደራረብ ወይም ርዝመቱን ለመጨመር መሐል ላይ ተሸካሚ ምሰሶና ወፍራም አግዳሚ ማቆም ያስፈልጋል። የጭቃ ግድግዳ ብቻውን ይህን ሸክም እንዲሸከም ማድረግ አደገኛ ስለሆነ፣ አግዳሚዎቹ በቋሚ ምሰሶዎች ላይ ሊያርፉ ይገባል።

3. የማቴሪያሎች ንጽጽር

ባሕር ዛፍ፦ በአካባቢው በቀላሉ የሚገኝና ጠንካራ ነው። ልጡ ተልጦ በጥላ ሥር በሚገባ ካልደረቀ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ቀርከሃ፦ በአዊ ደጋማ አካባቢዎች በስፋት ይበቅላል። ቀላል በመሆኑና አየር በማስተላለፉ ለበቆሎ ርብራብ ይመረጣል። ከሦስት ዓመት በታች የሆነው ለጋ ቀርከሃ በነፍሳት በቀላሉ ስለሚበላ የበሰለውን መምረጥ ይገባል። አግዳሚዎቹን ተክቶ ሸክም እንዲይዝ ግን መጠቀም አይገባም።

በጭድ የተቦካ ጭቃ፦ በርብራብ ላይ ተመርጎ ክፍተትን ይደፍናል፤ ወጪውም ዝቅተኛ ነው። ክብደቱ ከፍተኛ ከመሆኑም በላይ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እህል ከተጫነበት እርጥበቱ ወደ ጆንያው ይገባል። ስለዚህ ምርጊቱ ከምርት መግቢያ ሳምንታት አስቀድሞ መጠናቀቅ አለበት።

የተላገ ጣውላ፦ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውና ጫፍ ለጫፍ የተገጠመ ጣውላ ለጆንያም ሆነ አየር ለማያስገባ ከረጢት የተሻለው ምርጫ ነው። ዋጋው ከፍ ቢልም ለማጽዳትና ለመጠገን ይመቻል።

ኮምፔንሳቶና ችፑድ፦ ችፑድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ ጥንካሬውንም ያጣል። በመሆኑም ለእህል ቆጥ አይመከርም። ኮምፔንሳቶ ከችፑድ ይሻላል፤ ሆኖም ጣሪያው በማያፈስ ቤት ውስጥና በቅርብ በተደረደሩ አግዳሚዎች ላይ ብቻ ሊያገለግል ይችላል።

ቆርቆሮ፦ አይጥን ይከላከላል፤ ነገር ግን በሌሊት ቅዝቃዜ ጠል ስለሚይዝ ጆንያ በቀጥታ ሊያርፍበት አይገባም። የጣሪያ ቆርቆሮ የሰውም ሆነ የእህል ክብደት ለመሸከም የተሠራ አይደለም።

4. ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ምስጥን ለመከላከል በሚል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ፀረ ተባይ ኬሚካል በወለሉ ላይ መቀባት እህሉን ለምግብነት አደገኛ ያደርገዋል። ትንሽ አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ማለፍ ስለሚችል ጠባብ ክፍተቶችም መደፈን አለባቸው፤ አየር ማስገቢያዎች በሽቦ ወንፊት ይሸፈናሉ። በማድ ቤት ውስጥ ቆጡ ከምድጃው በላይ ከሆነ የእሳት አደጋ ስለሚያስከትል ቦታውን መቀየር ያስፈልጋል። ጆንያዎቹ ከግድግዳ ራቅ ብለው ሊቀመጡ፣ ጣሪያውም ከክረምት በፊት ሊፈተሽ ይገባል። የትኛውም ወለል በሚገባ ያልደረቀን እህል ከሻጋታ አያድንም፤ በቆሎ ተፈልፍሎ ሲከማች እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም።

5. የምክር አገልግሎት ለማግኘት

ስለ እህል አደራረቅና አከመቻቸት በየቀበሌው የሚገኙ የግብርና ልማት ሠራተኞችን ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይቻላል። በከተማ ክልል ውስጥ በነባር ቤት ላይ ቆጥ ለመሥራት ያሰቡ ነዋሪዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ሊያረጋግጡ ይገባል። ለምክክር ሲቀርቡ የቆጡን ስፋት፣ የአግዳሚዎቹን ርዝመትና የሚቀመጠውን እህል በኩንታል ይዞ መገኘት ተገቢውን ምክር በፍጥነት ለማግኘት ይረዳል።