ሳይጠሩ የሚነሡ ፕሮግራሞች፤ ታሪካቸውና የጋምቤላ ተጠቃሚ

የአንድ የቤት ኮምፒዩተር ማብሪያ ሲጫን በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥቂት ነው። ከዚያ በስተጀርባ ግን ባለቤቱ ያላዘዛቸው፣ ብዙ ጊዜም ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው ፕሮግራሞች ተከታትለው ይነሣሉ። እያንዳንዳቸውም ከሜሞሪው፣ ከፕሮሰሰሩ ጊዜና ከኢንተርኔት መስመሩ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ይህ ሁኔታ በአንድ ቀን የተፈጠረ ሳይሆን ከ60 ዓመት የበለጠ ታሪክ ያለው ነው። የታሪኩም ዕውቀት የትኛው ፕሮግራም ሊቆም እንደሚገባና የትኛው ሊጠበቅ እንደሚገባ ለመለየት ይረዳል።

መነሻው በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በዚያ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ብዙ ሰዎች በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ እንዲገለገሉ የሚያስችል ሥርዓት ሠርተው አሳዩ። በ1963 ደግሞ፣ ማንም ሳያዛቸው የዘወትር ተግባራቸውን የሚያከናውኑ ፕሮግራሞች «ዲመን» ተብለው ተሰየሙ። ስሙ የተወሰደው የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1867 በሐሳቡ ከፈጠረው፣ ሞለኪውሎችን ያለ ዕረፍት እየለየ ከሚያሳልፍ ፍጡር ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ የተጠቃሚዎችን ፋይሎች በቴፕ ላይ እየገለበጠ ያስቀምጥ ነበር። እንግዲህ ሐሳቡ ሲፀነስ ለጋራ ጥቅም የታሰበ፣ ኃላፊነት ባለው ባለሙያ ቁጥጥር ሥር የሚፈጸም ነበር ማለት ነው።

አይ.ቢ.ኤም. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነገሩ ወደ ግለሰብ ጠረጴዛ ተሻገረ። የዚያ ዘመን መሣሪያ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ እንዲያሠራ የታቀደ ነበር። ይሁን እንጂ በ1984 የወጣው የቦርላንድ ኩባንያ «ሳይድኪክ» በሜሞሪ ውስጥ ተደብቆ እየቆየ፣ ቁልፍ ሲነካ ብቅ የሚል የማስታወሻ ደብተርና የሒሳብ ማስያ ይዞ መጣ። ብዙዎችም አርአያውን ተከተሉ። ለፕሮግራሞች የተመደበው ሜሞሪ ግን ከ640 ኪሎባይት አይበልጥም ነበርና፣ ነዋሪው ሲበዛ ለዋናው ሥራ የሚተርፈው ቦታ ጠበበ። በ1991 የወጣው ዶስ 5 ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹን ከዚያ ወሰን በላይ ወዳለው የሜሞሪ ክፍል በማዛወር ችግሩን አቃለለ። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚሠሩት ፕሮግራሞች በአንድ አጭር ፋይል ተዘርዝረው ይገኙ ስለ ነበር፣ ባለቤቱ መስመር በመስመር ሊያነባቸውና ሊሰርዛቸው ይችል ነበር።

ይህ ግልጽነት ቀስ በቀስ ጠፋ። በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ለመነሻ ፕሮግራሞች የተለየ ክፍል አዘጋጀ። በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ደግሞ ዝርዝሩን ሬጂስትሪ ወደሚባለው፣ ተራ ተጠቃሚ ወደማይደርስበት መዝገብ ከተተው። አዲስ ፕሮግራም የሚጭን ሰው ሳያውቀው ፕሮግራሙ ራሱን በዚያ መዝገብ ማስገባቱ የተለመደ ሆነ። መፍትሔውም ዘግይቶ መጣ፤ በ1998 ዊንዶውስ 98 ዝርዝሩን የሚያሳይ መሣሪያ ይዞ ወጣ፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ታስክ ማናጀር እያንዳንዱ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ አነሣሥ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ማመልከት ጀመረ።

ለኢትዮጵያዊው ተጠቃሚ ታሪኩ ሌላ ገጽታ አለው። ለላቲን ፊደል በተሠራ ኪቦርድ ከ200 የሚበልጡትን የግእዝ ፊደላት ለመጻፍ፣ የቁልፍ ምት እየጠበቀ ወደ ተፈላጊው ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ዘወትር በስተጀርባ መሥራት አለበት። ፓወር ግእዝና ቪዡዋል ግእዝን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች ይህን አገልግሎት ሰጥተዋል። በ1999 የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ገባ፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ፊደልና መጻፊያ ይዞ መጣ። በጋምቤላ ጉዳዩ ድርብ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ የአኙዋክና የኑዌር ቋንቋዎች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ኑዌርኛ ደግሞ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ የማይገኙ ፊደላት አሉት። ስለዚህ በውጭ አገር የተዘጋጀ ምክር «የማታውቀውን ሁሉ አጥፋ» ሲል፣ በከተማው መሃል በሚገኝ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚጠፋው የመጻፊያው መሣሪያ ራሱ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል፣ አላስፈላጊው ፕሮግራም የሚያስከፍለው ዋጋ በጋምቤላ ከፍ ያለ ነው። ከተማው በባሮ ወንዝ ዳር፣ በቆላ ይገኛል፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ያለ ጥቅም የሚደክም ፕሮሰሰር ሙቀቱን ለማብረድ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ፣ የረዘመው የመነሻ ጊዜ በቀን ደጋግሞ ይከፈላል። ኢንተርኔቱ በሜጋባይት ሲገዛም፣ በስተጀርባ የሚወርድ ማሻሻያ ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 መስመሩ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን ለማስመዝገብ የሚያስችል ቅንብር ያካተተው በዚሁ ምክንያት ነው።

የመነሻው ዝርዝር ለጎጂ ፕሮግራምም መደበቂያ ሆኗል። በኅዳር 2008 የታየው ኮንፊከር የተባለው ተባይ በኔትወርክና በፍላሽ ዲስክ እየተዛመተ፣ ራሱን እንደ ሕጋዊ የዊንዶውስ አገልግሎት አስመስሎ ያስመዘግብ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2011 በቀደሙት ዊንዶውሶች ላይ ፍላሽ ዲስክ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ የሚከለክል ማሻሻያ አሠራጨ። ሰነድ በፍላሽ ከቢሮ ወደ ቢሮ በሚዘዋወርበት ቦታ ይህ ትምህርት አሁንም አልተረሳም። ፀረ ቫይረሱን «ኮምፒዩተሩን ያዘገያል» ብሎ ማጥፋትም ከዚሁ አንጻር ሊመዘን ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የሥራ ደንብ ቀላል ነው። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ስም፣ ሠሪና ተግባር መመዝገብ ያስፈልጋል። መጻፊያውንና ፀረ ቫይረሱን ትቶ፣ የሙዚቃ ማጫወቻና የመልእክት መለዋወጫ የመሳሰሉትን ሲፈለጉ ብቻ እንዲነሡ ማድረግ ይገባል። ፕሮግራሙን ከመሰረዝ በፊት ከመነሻው ዝርዝር ብቻ ማገድ ይመረጣል፤ የታገደው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ወዲያው ሊመለስ ይችላልና። በአንድ ጊዜም አንዱን ብቻ አግዶ፣ ኮምፒዩተሩን እንደገና አስነሥቶ፣ በአማርኛም ሆነ በኑዌርኛ አንድ መስመር ጽፎ መፈተን ተገቢ ነው።

የ1963ቱ ሥርዓት ጥንካሬ በስተጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ለይቶ የሚያውቅና ኃላፊነቱን የሚወስድ ባለሙያ ስለ ነበረው ነው። የቤት ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ጠባቂ ሳይመደብለት ወደ ሕዝቡ ገባ። በጋምቤላም ሆነ በሌላ ከተማ ይህ ኃላፊነት ዛሬ የወደቀው በሙያው ላይ በተሰማሩት ሰዎች ጫንቃ ላይ ነው።