ከጦር ሰፈር እስከ ቡና ገበያ፤ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ

«ከተማ» የሚለው ቃል በጥንታዊ አገባቡ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ፍቺ ግልጽ ምስክር ነው። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት የተከፈተው የከፋ ዘመቻ በንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ መማረክ ሲደመደም፣ የምኒልክ ጦር ወደ ቤንችና ወደ ሸኮ ምድር ዘለቀ። ባላገሩም ገባር ሆኖ ማሩንና ጉልበቱን ለሰፋሪው ገበረ። ስለዚህ ለባላገሩ ከተማ በመጀመሪያ የግብርና የፍርድ ሥፍራ እንጂ የኑሮው ማዕከል አልነበረም።

ሰፈሩን በእርግጥ ከተማ ያደረገው ግን ገበያ ነው። የጫካው ማር፣ ኮረሪማና ጀንፈል ቡና ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ ወረዱ፤ ጨውና አቡጀዲ ወደ ገጠሩ ወጡ። ልውውጡ በሸቀጥ ብቻ አላበቃም። ገበያው አማርኛን መግባቢያ ሲያደርግ፣ የባላገሩ ጎደሬና ቆጮም ወደ ከተሜው ማዕድ ገባ። በገጠሩ የቡናው ቅጠል በቅመም ተፈልቶ ሲጠጣ፣ በከተማው ፍሬው ተቆልቶ በጀበና ቀረበ። አንዱ ተክል ሁለት የአኗኗር ወጎችን አገናኘ።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አፈረሰ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅም የከተማውን ይዞታ ለወጠ። በበቃና በቴፒ የተስፋፉት የመንግሥት ቡና እርሻዎች ደግሞ ከከምባታ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ለቃሚዎችን ሳቡ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ኑሮ ከለቀማው ወቅት ጋር ተቆራኘ፤ ደመወዝ ሲከፈል ጠጅ ቤቱ ይሞላል፣ ልብስ ሰፊው ሥራ ይበዛበታል፤ ለቀማው ሲያበቃ ጎዳናው ጭር ይላል። እርሻዎቹ በኋላ ወደ ግል ይዞታ ቢዛወሩም ይህ ትስስር አልተቋረጠም።

ሚዛን ተፈሪ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን ተብላለች። በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል፤ በ2014 ዓ.ም. ክልሉ ሲመሠረትም ሁለቱ ከተሞች የመስተዳድሩን መቀመጫዎች ከቦንጋና ከታርጫ ጋር ተካፍለዋል። ነገር ግን ከተማ ሲሰፋ ማገዶው፣ ጣውላውና የቤት መሥሪያው ቦታ ከጫካው ይወሰዳል። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ መግባቱ የዚህን ሀብት ክብደት ያሳያል። ቡናው የሚያድገው በጫካው ጥላ ሥር ነውና፣ ጥላውን የሚጨርስ ከተማ የራሱን ገበያ ይዘጋል። በጦር የተጀመረው፣ በገበያ የቆመው ከተማ ዕድሜው የሚለካው ከባላገሩና ከደኑ ጋር በሚያደርገው ስምምነት ነው።