ሆርንሲ 2፦ በሰሜን ባሕር ላይ የቆመው የነፋስ ኃይል ማመንጫ

ሆርንሲ 2 ከእንግሊዝ የዮርክሻየር ጠረፍ 89 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሜን ባሕር ላይ የሚገኝ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ነው። ኦርስቴድ በተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ተገንብቶ በአውሮፓውያኑ 2022 ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር፣ ከ1 ነጥብ 3 ጊጋዋት በላይ አቅም ይዞ በባሕር ላይ ከተተከሉት ሁሉ በዓለም ትልቁ ነበር።

ማመንጫው 165 ተርባይኖች አሉት። የእያንዳንዱ አቅም ከ8 ሜጋዋት በላይ ነው። አዳማ 1 በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት እንደሚያመነጭ ሲታሰብ፣ አንዱ የባሕር ተርባይን የአዳማዎቹን አምስቱን ይበልጣል። በባሕር ላይ ነፋሱን የሚገታ ተራራም ዛፍም የለም፤ ነፋሱም ከየብሱ ይልቅ ብርቱና ብዙ የማይቆራረጥ ነው። ከ80 ሜትር የሚረዝሙትን ክንፎች በጠመዝማዛ መንገድ ማጓጓዝ አዳጋች ሲሆን በመርከብ ግን ይቀላል።

የከበደው ኃይሉን ወደ የብስ ማድረሱ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ በባሕር ሥር ሲረዝም የማስተላለፍ አቅሙን ከፊል ራሱ ይሻማል። ስለዚህ በመንገዱ መካከል፣ እዚያው ባሕር ላይ፣ ይህን የሚያካክስ ጣቢያ መትከል ግድ ሆኗል።

የጥገና ሥራው የሚመራው ከግሪምስቢ ወደብ ነው፤ በዓሣ አጥማጅ መርከቦቿ ስመ ጥር የነበረች፣ ዓሣ ማጥመዱ ሲዳከም ብዙ ሰው ሥራ ያጣባት ከተማ።

ብሪታንያ በ2024 የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫዋን ዘግታለች። ለዚህ የባሕር ነፋስ ድርሻ ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ ነፋስ በትእዛዝ አይነሣም፤ ጸጥ ባለባቸው ቀናት አገሪቱ ዛሬም የተፈጥሮ ጋዝ ማመንጫዎቿን ታስነሣለች፣ ከጎረቤቶቿም ኤሌክትሪክ ትገዛለች።