ክሎሮኪን በብርሃን ሲመረመር

መተከልን የሚያውቅ ንዳድን ያውቃል። ከድባጤ እስከ ፓዊ፣ ክረምቱ ወጣ ሲል የጤና ጣቢያው ደጅ ብርድ ብርድ እያለው በሚንቀጠቀጥ ሰው ይሞላል። ለብዙ ዓመታት መድኃኒቱ ክሎሮኪን ነበር፦ አራት ፍሬ ዛሬ፣ አራት ነገ፣ ሁለት ከነገ ወዲያ። ምሬቱስ በውኃ ይታጠባል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የሚነሳው ማሳከኩ ነው የሚያስመርረው።

ኪኒኑን በ1934 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቀመረው የባየር ኩባንያው ሃንስ አንደርዛግ ነው። በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150 ሺህ እንደሞተ የተገመተበት የወባ ወረርሽኝ ደረሰ። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ ቤት ለቤት ይረጭ፣ ለታመመው ክሎሮኪን ይታደል ጀመር። መድኃኒቱ የወባን ተህዋስ በምን መንገድ እንደሚገድል ግን ገና አከራካሪ ነበር።

በ1965 ስታንሊ ኮኸንና ይልዲንግ የተባሉ አሜሪካውያን ጉዳዩን በስፔክትሮፎቶሜትር መረመሩት። ክሎሮኪን በውኃ ሲሟሟ ለዓይን ቀለም የለውም፤ 343 ናኖሜትር ላይ ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ግን አጥብቆ ይውጣል። ዲኤንኤ በበኩሉ የሚውጠው 260 አካባቢ ያለውን ነው። እናም ብልቃጡ ውስጥ ዲኤንኤ ሲጨመር 343 ላይ የሚዋጠው ጨረር ከቀነሰ፣ መድኃኒቱ ዲኤንኤው ላይ ተጣብቋል ማለት ነው። ከቅናሹ መጠን ምን ያህሉ እንደተጣበቀና ምን ያህል እንደጠበቀ ይሰላል። ቀነሰም። ክሎሮኪን ዲኤንኤ እንዳይባዛ አግዶ ተህዋሱን ይገድላል የሚለው ሐሳብ በዚህ በረታ። (ኮኸን በ1973 ከኸርበርት ቦየር ጋር ጂን ከባክቴሪያ ባክቴሪያ ያሸጋገረው ያው ሰው ነው።)

ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ድምዳሜው ግን ችኮላ ነበረበት እላለሁ። የሰውም ዲኤንኤ ክሎሮኪንን ይይዛልና፣ ታዲያ በሽተኛው ተርፎ ተህዋሱ ብቻ ለምን ይሞታል? መልሱ የተገኘው ተህዋሱ ምግብ በሚፈጭበት ከረጢት ውስጥ ነው። ሄሞግሎቢን ሲበላ መርዛማው ሄም ይተርፈዋል፤ ተህዋሱ ይህን መርዝ ወደ ጥቁር ፍርፋሪ ለውጦ ያመልጠዋል። ስሌተርና ሴራሚ በ1992 እንዳሳዩት ክሎሮኪን ይህን ለውጥ ያግዳል።

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ክሎሮኪንን ስለለመደ፣ ኢትዮጵያ ለእሱ ሕክምና መድኃኒቱን በ1998 ትታ ፋንሲዳርን፣ በ2004 ደግሞ ኮአርተምን ያዘች፤ ክሎሮኪን ቫይቫክስ ለተባለው ዓይነት ብቻ ቀረ። በ2000 ፋልሲፓረም መድኃኒቱን የለመደበት ጂን ሲለይ፣ የጂኑ ውጤት የሆነው ፕሮቲን የተገኘው በዚያው ከረጢት ግድግዳ ላይ ነው፤ የተለወጠው ዓይነቱ ክሎሮኪንን ከከረጢቱ ወደ ውጭ ያስወጣል።