የዓባይ ድልድይ በባሕር ዳር

የአንድ መንገድ ስፋት የሚለካው በጠባቡ ስፍራ ነው። አስፋልቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ድልድዩ ከጠበበ መጨናነቁ ወደ ወንዙ ዳር ይዛወራል እንጂ አይወገድም። የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ሕዝቡ ለብዙ ዘመን የተሻገረው በታንኳ ነበር። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በአላታ፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በድንጋይ የታነጸው ድልድይ ዛሬም እግረኛን ያሻግራል፤ ዳሩ ግን ለተሽከርካሪ የታሰበ አልነበረም።

ለተሽከርካሪ የሚሆነው የባሕር ዳር ድልድይ የተሠራው በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። ከተማዪቱ ያን ጊዜ ትንሽ ስለነበረች ሁለት መኪና የሚያሳልፈው ስፋት በቂ ነበር። በወንዙ ግራና ቀኝ ከተስፋፋች በኋላ ግን ወደ ጎንደር የሚያልፈው ከባድ መኪና፣ ባጃጁ፣ ብስክሌተኛውና እግረኛው በዚያው ጠባብ መተላለፊያ ይጋፉ ጀመር። ድልድዩ ቢጎዳ ከተማዪቱ ለሁለት ትከፈል፣ የጎንደርም ዋና መንገድ ይቋረጥ ነበር።

በመሆኑም አዲስ ድልድይ ተሠርቶ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ሲሆን፣ በየአቅጣጫው ሦስት የመኪና መስመር፣ እንዲሁም የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ አለው።

አሮጌው ድልድይ ከስድሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። ያረጀውም አካሉ ብቻ ሳይሆን የተሠራበት ግምት ጭምር ነው። የአዲሱም ስፋት ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው፣ ከሁለቱም ዳርቻ የሚደርሱት መንገዶች ሲመጥኑት ነው።