6.001 (የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ)

6.001 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤምአይቲ) ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የተሰጠ የፕሮግራም አጻጻፍ ኮርስ ነው። ኮርሱንም የማስተማሪያ መጽሐፉንም ያዘጋጁት ሃል አበልሰንና ጄራልድ ሰስማን ናቸው።

መለያው የቋንቋ ምርጫው ነበር። ሰስማን ከጋይ ስቲል ጋር በ1975 የፈጠሩት፣ ለኮርሱም የተመረጠው ስኪም፣ ሊስፕ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዘር ሲሆን፣ ሕጎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ይለመዳል፤ የቀረው ጊዜ ለሐሳቡ ይተርፋል። ተማሪው ከትንንሽ የሒሳብ ፕሮግራሞች ተነሥቶ፣ ወደ መጨረሻው ግን ስኪምን የሚተረጉም ፕሮግራም በዚያው በስኪም ይጽፋል። የኮርሱ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፦ የፕሮግራም ቋንቋ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ተማሪው ራሱ ሊሠራው የሚችል ፕሮግራም መሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ መልመጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለቱ መምህራን በ1986 ለሂውሌት ፓካርድ ሠራተኞች የሰጡት ትምህርት በቪዲዮ ተቀርጾ ዛሬም ይታያል።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ኤምአይቲ ኮርሱን በፓይተን ቋንቋ በሚሰጥና ተማሪዎች ሮቦት በሚያንቀሳቅሱበት ትምህርት ተካው። ሰስማን ለውጡን ሲያስረዱ፣ የዘመኑ መሐንዲስ ሁሉን ከመሠረቱ ከመገንባት ይልቅ ሌሎች የጻፏቸውን ላይብረሪዎች (ዝግጁ የፕሮግራም ስብስቦች) እየሞከረ ጠባያቸውን ማወቅ ግድ ሆኖበታል ብለዋል።