የጠቢብ ባልንጀራ፤ ስለ ቅኔ ጉባኤና ስለ ሥዕል ትርኢት

በኦሪት ዘፀአት እንደሚነበበው፣ የምስክሩ ድንኳን በተሠራ ጊዜ ጥበብ ለባስልኤል ብቻውን አልተሰጠም። ከይሁዳ ነገድ የሆነው ባስልኤል በወርቅና በብር፣ በናስና በዕንጨት እንዲሠራ በተጠራ ጊዜ፣ ከዳን ነገድ የሆነው ኤልያብ የሥራ ባልንጀራ ሆኖ ተጨመረለት። ሕዝቡም ጥዋት ጥዋት ስጦታውን ሲያመጣ ከሚያስፈልገው በላይ ስለ ሆነ፣ ሙሴ በሰፈር አዋጅ አስነግሮ እስኪያስተወው ድረስ ደረሰ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ወገኖች ይታያሉ፤ ይኸውም ጠቢቡ፣ የጠቢቡ ባልንጀራ፣ አይቶ የሚሰጠውም ሕዝብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ድንኳኑ ባልቆመም ነበር። የኢትዮጵያ የጥበብ ታሪክም፣ ይልቁንም የጎጃም፣ በዚህ ሚዛን ቢመዘን በአንድ ወገን ሞልቶ በሌላው ወገን ጎድሎ ይገኛል። የሞላው በቅኔ ነው፤ የጎደለው በሥዕል ነው።

የቅኔ ቤት በሦስት ስም ይታወቃል፤ ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ይባላል። ከሦስቱም ሁለቱ፣ ማለት ዋሸራና ጎንጅ፣ የምዕራብ ጎጃም ገጠር ያፈራቸው ናቸው። በነዚህ ቤቶች የሚያድር ደቀ መዝሙር ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ዕጣነ ሞገር ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ምሥጢሩን ያወጣል፣ ያወርዳል፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። ማታም ወደ መምህሩ ቀርቦ ያወጣውን ያሰማል፤ ይህ ነገራ ይባላል። መምህሩም በባልንጀሮቹ ፊት ስሕተቱን ያርምለታል፤ የተማረውንም ሁሉ በጉባኤው ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይማሩታል። ስለዚህ የአንዱ ስሕተት የብዙዎች ትምህርት፣ የአንዱም ምሥጢር የብዙዎች ደስታ ይሆናል።

ቅኔው በቤተ ክርስቲያን በቀረበ ጊዜም ባለ ቅኔው ብቻውን አይቆምም። ሊቃውንቱ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙን ከወርቁ ይለያሉ፤ ምሥጢሩ የተሳካ እንደ ሆነ «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ይህች አጭር ቃል ለሰሚው ቀላል ትመስላለች፤ ለባለ ቅኔው ግን የዓመታት ድካም ዋጋ ናት። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ «ይበል» የሚለው ሰው ራሱ ባለ ቅኔ መሆኑ ያስደንቃል። በሚቀጥለው በዓል እርሱ ተራውን ሲቀበል፣ ዛሬ የተመሰገነው ሰሚ ይሆንለታል። የጠቢብ ባልንጀራ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ወገን፣ ማለት ሕዝቡም፣ በቅኔ ቤት ታሪክ ውስጥ አልታጣም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን፣ የቡሬና የጃቢ ጠህናን፣ የቋሪትና የደጋ ዳሞት ገበሬ ከማዕዱ ቁራሽ አልነፈገውም። ከነዚህ እናቶችና አባቶች የሚበዙት የግዕዝ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሰጡት ቁራሽ ምን ዓይነት ቅኔ ሆኖ እንደሚወጣም አያውቁም ነበር። ነገር ግን በዓለም ላይ ነገሥታትና ባለጠጎች ጥበብን እንደ ረዱ ሲነገር፣ በጎጃም ጥበብን የረዳው ደሀው ገበሬ በእንጀራ ቁራሽ መሆኑ ሊታወስ ይገባል።

አሁን ወደ ሠዓሊው ቤት ይታለፍ። ሥዕል በኢትዮጵያ ማሳያ ቦታ አጥቶ አያውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ማሳያው ነበረችና። ክብ ሆኖ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የመቅደሱም የውጭ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ይሸፈናል። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ሥዕሉን በሸማ ላይ ሥሎ በግድግዳው ይለጥፈዋል። ጻድቃንን ፊታቸውን ሙሉ አድርጎ በሁለት ዓይን፣ ኃጥአንን ግን በጎን አዙሮ በአንድ ዓይን መሣል የቆየ ሥርዓት ነው። ፊደል ያልተማረው ምእመን የጌታን ስቅለትና ትንሣኤ፣ የእመቤታችንን ተአምር፣ የሰማዕታትን ገድል ከዚህ ግድግዳ ያነባል። ከቁጥር የሚበዛ ሕዝብ በየበዓሉ መጥቶ የሚያየው እንዲህ ያለ ትርኢት በሌላ አገር በቀላሉ አይገኝም።

ሆኖም በዚህ ሁሉ ተመልካች መካከል ሠዓሊው ራሱ አይታይም። ሥራው ሲፈጸም ቀለሙንና ብሩሹን ሰብስቦ ይሄዳል፤ ስሙም ከርሱ ጋር ይሄዳል። ይህ ዝምታ ከትሕትና የመጣ ስለ ሆነ መመስገን ይገባዋል። ነገር ግን ትሕትና የሠዓሊው ምግባር ናት እንጂ ለተመልካቹ የመርሳት ፈቃድ አይደለችም። በጣና ሐይቅ ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ለዚህ ምስክር ነው። በሥዕሉ ላይ በተጻፈው ቃል፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ ራሱን ኃጥእ ብሎ እያዋረደ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ሣለው አስታውቋል። ንጉሡ የነገሡት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነው። ይህች አጭር ጽሕፈት ባትኖር ኖሮ፣ ያን ሥዕል የሣለ እጅ የማን እንደ ነበረ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የሚነግር ባልተገኘም ነበር። ለአንድ ፍሬ ጽዮን ስንት ስም የለሽ ሠዓሊ እንዳለ ግድግዳዎቹ ይመሰክራሉ።

ለባለ ቅኔው ጉባኤ ሲኖረው ሠዓሊው ለምን አጣ? አንዱ ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። ቅኔ በጆሮ ስለሚሄድ ከዋሸራ የተነሣ ምሥጢር በተማሪ አፍ ተሸክሞ አገር ይዞራል፤ ግድግዳ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የቡሬው ሠዓሊ የቋሪቱን ሠዓሊ ሥራ ለማየት ራሱ በእግሩ መሄድ አለበት። ሁለተኛው ምክንያት የሚያሳፍር ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን መናቅ በአገሩ የቆየ ልማድ ነበር። ብራናውን የሚፍቀው እጅ ባይኖር መጽሐፍ አይኖርም፤ ሸማውን የሚሠራው ባይኖር ሥዕሉ የሚያርፍበት አይገኝም። ይህ ሁሉ እየታወቀ በእጁ የሚሠራ ሰው ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክፋት ያስረዳል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ማክበርን ግን በልብ ሊያሳድር አይችልም። ማክበር የሚገኘው ቀርቦ ሥራውን በማየት ነው።

ቀርቦ የማየት ነገር በሌላው ዓለምም ያለ መከራ አልተጀመረም። በፓሪስ ከተማ የሥዕል ትርኢት በመንግሥት ዳኞች እጅ በነበረ ጊዜ፣ ብዙ ወጣት ሠዓሊዎች ሥራቸው እየተመለሰባቸው ያዝኑ ነበር። ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1874፣ ሠላሳ ያህል ሆነው የራሳቸውን ትርኢት አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ይሠራበት በነበረ ቤት ከፈቱ። ጋዜጠኞች ዘበቱባቸው፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው «ኢምፕሬሽኒስት» የሚለውም ስም ያን ጊዜ ለመዘባበቻ የወጣ ነው። ከመካከላቸው ጉስታቭ ካይቦት የተባለው፣ ከአባቱ ሀብት የወረሰ ሠዓሊ ስለ ነበረ፣ ገንዘቡን ለራሱ ክብር አላዋለውም። ባልንጀሮቹ የሣሉትን ማንም በማይገዛበት ጊዜ ገዛ፤ የክሎድ ሞኔን የሥራ ቤት ኪራይ ከፈለ፤ ለትርኢታቸውም ወጪ አወጣ። በ1894 ሲሞት የሰበሰባቸውን ሥዕሎች ለፈረንሳይ መንግሥት ተናዘዘ። መንግሥቱም በመጀመሪያ አመንትቶ በኋላ ከፊሉን ብቻ ተቀበለ። የካይቦት ታሪክ የኤልያብን ያስታውሳል፤ ራሱ ጠቢብ ሆኖ የጠቢብ ባልንጀራ ሆኗልና።

በኢትዮጵያም ሠዓሊ በስሙ ሥራውን ለሕዝብ የሚያሳይበት ዘመን በአዲስ አበባ ተጀመረ። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ከእንግሊዝ አገር ተምረው ተመልሰው፣ በፈረንጆች 1954 በአዲስ አበባ ትርኢታቸውን አቀረቡ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት ተከፈተ። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ የተማሩ ናቸው፤ የወጡት ግን ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤት ነው፤ አባታቸውም አጎታቸው እምዓላፍ ኅሩይም በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ። በሐረር የተወለዱት ገብረ ክርስቶስ ደስታም የቤተ ክርስቲያን ሰው የአለቃ ደስታ ልጅ ናቸው። ከጀርመን አገር ከኮሎኝ ተመልሰው በ1963 ያቀረቡት ትርኢት በአዲስ አሣሣሉ ብዙ ሰው አከራክሯል። እርሳቸው በ1981 በአሜሪካ በስደት ዐርፈው፣ ከሥዕሎቻቸው ብዙዎቹ ዓመታትን በጀርመን ካሳለፉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በስማቸው የተጠራው ማዕከል በ2008 በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሥዕሎቹ ተመለሱ፤ ሠዓሊው ግን አልተመለሱም። ጠቢብን በሕይወቱ ያልጎበኘ ሕዝብ ከሞተ በኋላ ቢጎበኘው ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ለሟች «ይበል» ቢሉት አይሰማም።

ጎጃምም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ቄስ አዳሙ ተስፋው የቢቸና ሰው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተምረው ክህነት ከተቀበሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሥዕል ተዳደሩ። በሸማ ላይ የሚሥሏቸው የቅዱሳን፣ የነገሥታትና የአገር ሕይወት ሥዕሎች ለብዙ ጊዜ ለእንግዳ አገር ሰው በሚሸጡ ሱቆች ይቀርቡ ነበር። በፈረንጆች 2005 ግን በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ፋውለር በተባለው ሙዚየም፣ ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ብቻ የተዘጋጀ ትርኢት ተከፈተ፤ ስለ እርሳቸውም መጽሐፍ ታተመ። ይህ ለጎጃም ክብር ነው፤ ግን በክብሩ ውስጥ ወቀሳ አለበት። ከቢቸና እስከ ፍኖተ ሰላምና እስከ ቡሬ ያለው መንገድ በመኪና የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ሥዕሎቹ ግን በትርኢት የተሰቀሉት ባሕር ተሻግረው ነው። የጎጃም ቄስ ምን እንደ ሣለ ለማየት የሎስ አንጀለስ ሰው ከቤቱ ወጣ። የጎጃም ሰው የገዛ ቄሱን ሥራ ለማየት ከቤቱ እንዳይወጣ ማን ከለከለው?

በዚህ ላይ ሌላ አደጋ ተጨምሯል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት በማተሚያ የወጣ የወረቀት ሥዕል በአሮጌው ሥዕል አጠገብ፣ አንዳንዴም በላዩ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ ቶሎም ይገኛል። ነገር ግን ወረቀት በተለጠፈ ቁጥር አንድ ሠዓሊ ሥራ ያጣል፤ ሠዓሊው ሥራ ባጣ ቁጥርም አንድ ልጅ ቀለም መበጥበጥ ሳይማር ይቀራል። ቅኔ ቤት ተማሪ ያጣ ጊዜ ሊቃውንት ያለቅሳሉ፤ የሥዕል ቤት ተማሪ ሲያጣ ግን ለቅሶው አይሰማም፤ ለምን ቢባል ጉባኤ የለውምና።

መድኃኒቱ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም፤ በቅኔ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ፣ በትምህርት ቤት ወይም በሰበካ ጉባኤ አዳራሽ፣ በበዓል ሰሞን ጥቂት ሥዕል፣ ጥቂት የብራና ጽሕፈት፣ የስፌትና የሸክላ ሥራ ቢሰቀልና ቢደረደር፣ ይህ የሥዕል ነገራ ነው። ካህኑ መጥቶ ሥዕሉ ሥርዓቱን የጠበቀ እንደ ሆነ ቢመረምር፣ ይህ የመምህር እርማት ነው። ሌላው ሠዓሊ ቅንዓቱን ትቶ የባልንጀራውን ሥራ በባልንጀራው ፊት ቢያመሰግን፣ ይህ «ይበል» ነው። ነጋዴውና የቢሮ ሠራተኛው ዋጋውን ሳይቆርጡ አንዱን ገዝተው በቤታቸው ቢሰቅሉ፣ ይህ የቆሎ ተማሪው ቁራሽ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መግቢያው ላይ የሠሪው ስም ከነአገሩ ይጻፍ፤ ከፍሬ ጽዮን ወዲህ ብዙ ስም ጠፍቷልና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ጥበብም ለአንዱ ሠዓሊ ብቻውን ሸክም ሆናበት፣ ሸክሙን ተሸክሞ ወደ ሩቅ ከተማ ሲሄድ ብዙ ዘመን አልፏል። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይህ መንገድ ጠቢቡ ከአገሩ የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን፣ ባልንጀራው ወደ እርሱ የሚመጣበት መንገድ በሆነ ጊዜ፣ ባስልኤል ኤልያብን አገኘ ይባላል።